ሁለት መቶ ሰዓት በመሳቢያ ውስጥ

ጎረቤቴ ረበሸኝ እያላችሁ ጣሪያችሁን በመጥረጊያ እንጨት የምትነርቱ ሰዎች፣ ጣሪያው ዝም ያለ ቀን ምን ልታደርጉ ነው?

አላሰባችሁበትም። ፓን ሁዌይዠንም አላሰበችበትም ነበር፤ እሷም በጊዜዋ ስትነርት የኖረች ናት።

ፓን የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ ልብስ ማስተካከል ነው። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረ ሰው ሲመጣ የኮቱን ጎን ትለቅለታለች። የስፌት መኪናዋ ከሕንጻው ሥር፣ ከደረጃው ጎን ባለች ጠባብ ጥግ ተቀምጣለች። እሷ ራሷ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ነው። ሰፈሩ ሉንግታንግ ይባላል፤ ሸንጀን ከተማ ውስጥ ካሉት፣ ሕንጻዎቹ ተቃቅፈው ከቆሙባቸው፣ ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ጨው ከሚበዳደርባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። አላገባችም። ለምን አላገባሽም እያሉ የሚነዘንዟት ዘመዶቿ በትውልድ ከተማዋ በማውሚንግ አንድ በአንድ ካለቁ ወዲህ፣ ጥያቄውንም የሚጠይቃት ጠፍቷል።

ከበላይዋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኖንግ የሚባል የጠጠር መኪና ሾፌር ይኖር ነበር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫማው ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቆየት ብሎ ሌላው። ከዚያ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ይጀምራል። ከዚያ ኖንግ ድምፅ ማጉያውን ወለሉ ላይ ያስቀምጥና ሙዚቃውን ይከፍታል። የእሱ ወለል የእሷ ጣሪያ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ የተገላቢጦሽ ወንፊት ነው፤ ቀጭኑን ያስቀርና ወፍራሙን ያሳልፋል። ስለዚህ ፓን ዘንድ የሚደርሰው ዜማ አልነበረም፣ ግጥምም አልነበረም። ዱም፣ ዱዱም፤ ዱም፣ ዱዱም። ይኸው ብቻ።

በመጀመሪያው ዓመት አበደች። አንድ ቀን የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ መታች። ከላይ በተረከዝ ሁለት ጊዜ ተመታላት። የሚያሾፍባት መስሏት ልትወጣ በሩን ስትከፍት ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። በማግስቱም ሁለት ጊዜ መታች፤ ሁለት ጊዜ ተመታላት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲነጋገሩ ኖሩ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግን “በላሽ?” “በላሁ፤ አንተስ?” ከመባባል አላለፉም። ከጊዜ ብዛት ፓን ራቷን የምታቀርበው ጫማዎቹ ሲወድቁ ሆነ፤ የምትተኛው ደግሞ ዱዱሙ ሲቆም። መጥረጊያውን የምታነሳውም ድምፁ ስለረበሻት መሆኑ ቀረ።

ባለፈው ጸደይ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም “ይፈርሳል” ተብሎ ተጻፈ። የሕንጻው ባለቤቶች ካሣ ተሰጣቸው፤ ተከራዮቹ ቀን ተሰጣቸው። ፍትሕ ማለት ይኸው ነው፤ ለአንዱ ገንዘብ፣ ለሌላው ቀን መቁጠሪያ። ሰባ ሁለት ክፍሎች ከነበሩት ሕንጻ በየሳምንቱ አንድ መስኮት፣ ሁለት መስኮት እየጨለመ ሄደ።

ኖንግ የሄደው ጠዋት ነው። ሰሜን ውስጥ ካለ የድንጋይ መፍለጫ ሥራ አግኝቶ፣ ፍራሹን በገመድ አስሮ በጀርባው አዝሎ ወረደ። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመና ከኪሱ አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ አወጣ። የሳሙና ያህል ናት፤ ማዕዘኖቿ ተልጠዋል።

“አሥራ አንድ ዓመት በግድሽ ሰማሽው” አላት፤ “አሁን ደግሞ በፈቃድሽ ስሚው።”

ፓን ምን ማለት እንዳለባት ታውቅ ነበር። የት እንደሚኖር፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። ግን አፏ አሥራ አንድ ዓመት የለመደውን ተናገረ። “በላህ?” አለችው። “በላሁ” አለና ሄደ።

ይህን ጊዜ አንዳንድ ብልጦች “ታዲያ ጥፋቱ የራሷ አይደለም ወይ?” ማለታቸው አይቀርም። እነዚህ ብልጦች ስልካቸው ውስጥ አራት መቶ ሰው መዝግበው፣ ከአራት መቶው አንዱ እንኳ ጫማውን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያወልቅ የማያውቁ ናቸው። ዝም ይበሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ፓን ሩዟን አቀረበች። ጣሪያው ዝም አለ። ስታኝክ የራሷን መንጋጋ ሰማች፤ አስጠላት። እንቅልፍ እምቢ አላት። በሦስተኛው ቀን፣ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ መጥረጊያውን አንስታ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ መታች። ተረከዝ የለም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንደ አጥፊ ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ማጫወቻዋ ትዝ ያለቻት ያኔ ነው። ከሰፈሩ አፍ ላይ ካልሲና ቻርጀር አብሮ ከሚሸጠው ሰውዬ አንድ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ገዝታ ሰካችና አዳመጠች። ደነገጠች። የምትዘፍነው ሴት ናት። ፓን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድ ይመስላት ነበር። ዘፈኖቹ የኖንግ አገር ተራሮች የሰርግ ዘፈኖች ነበሩ፤ ሰርጉ ላይ የነበረ ሰው የቀዳቸው፣ ስም የሌላቸው፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው። ቋንቋው የእሷ አይደለም፤ አንድም ቃል አልገባትም። ዋሽንት አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ የሰካራም ሳቅ አለ። ዱዱሙ ግን የለም። ከሩቅ፣ ሰው በጣቱ ካርቶን የሚመታ ይመስላል። ዘፋኟን አገኘቻት፤ ጎረቤቷን አጣችው።

እንግዲህ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። እነዚያ ዘፈኖች በጣሪያ በኩል ሲመጡ የነበራቸውን ወፍራም ድምፅ የሚመልስላት፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ። ሌላው ሰው ይህን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዝ የሚሉትን፣ የሚፈልገው ለመጨፈር ነው። እሷ የፈለገችው ራት ለመብላት ነው።

ማክሰኞ ዕለት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወደ ኋቺያንግቤይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሄደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባንኮኒው ሁሉ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እንደ ደረቀ ዓሣ በረድፍ ተሰቅሏል። ልማዱ ሁሉም የራሱን ማጫወቻ ይዞ መምጣቱ ነው። ሰካ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘፈኑን ይሞክራል። መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ቆሞ እያንዳንዱ ለብቻው ራሱን ይነቀንቃል። ፓን አንዲት ዪንግ የምትባል ሻጭ ፊት ቆመች።

“አክስቴ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የሚሰሙት?” አለች ዪንግ።

“ከላይ የሚመጣውን።”

ልጅቷ ወደ ጣሪያው አየች። ፓን አስረዳቻት፤ ግጥሙን እንደማትፈልገው፣ ዋሽንቱንም እንደማትፈልገው፣ የምትፈልገው ከላይ ሰው እንዳለ የሚነግራትን ድምፅ እንደሆነ።

“አክስቴ፣ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ማዳመጫ ሳይሆን ባል ነው” አለች ዪንግ።

“ባልማ በሰባት ቀን ውስጥ አይመለስም” አለች ፓን፣ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን እያሳየቻት። ያልተስማማው ገዢ ምክንያት ሳይጠየቅ በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር። ዪንግ ከልቧ ሳቀችና ጥንድ በጥንድ በአልኮል እየወለወለች አቀረበችላት።

አሥራ አንድ ጥንድ ሞከረች። ጫፋቸው ላይ ያለችው ለስላሳ ጎማ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ናት፤ መካከለኛ። ፓን ደግሞ ማዳመጫውን የጆሮዋ አፍ ላይ ሸርተት አድርጋ ታስቀምጠዋለች እንጂ አትገፋውም። እናቷ በልጅነቷ፣ ጆሮ ውስጥ ከወሬ በቀር ምንም አይገባም ብላ አሳድጋታለች። አሥራ አንዱም ካርቶን የሚመታ ጣት ሆኑባት።

ዪንግ ሲደክማት ስልኳን አወጣችና ሦስተኛው ጆሮ ምን እንደሚል እንስማ አለች። ሦስተኛው ጆሮ ስለ ጆሮ ማዳመጫ በቪዲዮ የሚፈርድ ሰው ነው፤ ስሙ ዱ ነው፤ በዚያ ገበያ እሱ ያላመሰገነው ዕቃ አቧራ ይጠጣል። ስልኩ ውስጥ ብቅ አለና “ቤተሰቦቼ” ብሎ ጀመረ፤ ተመልካቹን ሁሉ ቤተሰቦቼ ነው የሚለው። “ጥልቅ ወንዝ” የተባለው ማዳመጫ ቤዙ እንደ ሞቀ ቅቤ እንደሚወርድ፣ እንደ ከባድ ሐር እንደሚተኛ፣ እንደ ነብር መዳፍ እንደሚያርፍ ተናገረ። እነዚህ ሰዎች ስለ ድምፅ ሲጠየቁ ስለ ምግብ፣ ስለ ጨርቅና ስለ አውሬ ያወራሉ። ስለ ድምፅ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ፓን ግን የነብር መዳፍ የሚለው ላይ የኖንግ ተረከዝ ትዝ አላትና የሁለት ሳምንት ሱሪ ያሳጠረችበትን ከፍላ ገዛችው።

ቤቷ ገብታ ሣጥኑን ስትፈታ ከማዳመጫው ጋር አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ወጣች። ውስጧ ተጨማሪ ጎማዎች አሉ፤ ሁለት ትናንሽ፣ ሁለት ትላልቅ። ፓን ልብስ ሰፊ ናትና እጇ ያወቀውን አደረገ። አዲስ ኮት ሲገዛ በከረጢት የሚሰጠው መጠባበቂያ ቁልፍ የት ይገባል? የቁልፍ ጣሳው ውስጥ። ከረጢቷን የቁልፍ ጣሳው ውስጥ ጣለቻት።

አዳመጠች። የዘፋኟ ምራቅ ሳይቀር ይሰማል። ዱዱሙ የለም።

የዚያኑ ቀን በሦስተኛው ጆሮ ቪዲዮ ሥር፣ በጣቷ አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች። የእኔ ወፍራሙ ድምፅ አይወጣም፣ ምን ላድርግ አለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ “ቤተሰቤ፣ አዲስ ስለሆነ ነው። መቀቀል ያስፈልገዋል። ሁለት መቶ ሰዓት ሳያቋርጡ እያጫወቱ ይተዉት። ከዚያ ቤዙ ይመጣል።”

ፓን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በጽሑፉ አምና አይደለም ሦስት ጊዜ ያነበበችው። የመጀመሪያዋን ቃል፣ “ቤተሰቤ” የምትለዋን ነው ያነበበችው።

መቀቀል የሚሉትን በዚያ አገር የማያውቀው የለም። አዲስ ማዳመጫ ዝም ብሎ አይሰማም ይላሉ፤ እንደ ሾርባ በዝግታ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ማንም ሳይሰማው ቀንና ሌሊት እየዘፈነ አንጀቱ እስኪላላ ይቆያል። እውነት ነው ወይ? ያዩ ነን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያሳዩ ግን የሉም። ፓን ግን የማውሚንግ ልጅ ናት፤ ስለ መቀቀል የሚያስተምራት የለም። የአሳማ ጎድንና የሎተስ ሥር አራት ሰዓት ሲጣድ ክዳኑ አይነካም። እናቷ ክዳን የከፈተን ልጅ በማንኪያ መዳፉን ትመታ ነበር፤ አንዴ ያመለጠ እንፋሎት አይመለስምና።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ማጫወቻዋን ከቻርጀሩ ጋር አያያዘች፣ ማዳመጫውን ሰካች፣ ዘፈኖቹ እንዲደጋገሙ አደረገች። ሁለቱንም እንዳይበርዳቸው በጥጥ ጨርቅ ደህና አድርጋ ጠቀለለችና መሳቢያው ውስጥ ዘጋችባቸው። ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት። ቀን መቁጠሪያዋ ላይ የሚቀጥለውን ሳምንት ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓትን ከበበች።

ስምንት ቀን አጭር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ነዋሪው እየለቀቀ በሚያልቅ ሕንጻ ውስጥ ይሞክረው። ቀድሞ ቢያንስ ካርቶን የሚመታው ጣት ነበራት፤ አሁን እሱም የለም። ራቷን ከመሳቢያው ፊት ለፊት ተቀምጣ በላች። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። ውስጥ የሆነ ነገር፣ ጣሳ ውስጥ እንደተያዘ ፌንጣ፣ ይንጫጫል። ሙሽሪት እየተዘፈነላት ነው፣ ሰካራሙ እየሳቀ ነው፣ የሚሰማቸው የለም። እጇ ወደ መሳቢያው እጀታ ሄደ፤ ክዳን ነው ብላ መለሰችው።

በአምስተኛው ቀን የሁለተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ቻው ሳይሉ ሄዱ። ሰባት የነበረው የበራ መስኮት አምስት ሆነ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ እሱም በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚለቅ ነገራት፤ የት እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ ደግ ሰው ነበርና፣ ደውይልኝ ብሎ ቁጥሩን ጻፈላት። የእሱን ቁጥር ምን ታደርገዋለች? እግሩ እንዴት እንደሚያርፍ እንኳ አታውቅም።

በስድስተኛው ቀን መሳቢያው አካባቢ የሞቀ ጨርቅ ሽታ ሸተታት። ካውያ መስሏት አለፈችው፤ ዕድሜ ልኳን የሸተታት ሽታ ነው። በሰባተኛው ቀን እንደገና ጆሮዋን ለጠፈች። ፌንጣው ዝም ብሏል። ፓን ያን ጊዜ ያሰበችውን መናገር ይከብዳል፤ መናገር ግን ያስፈልጋል። ደስ አላት። ቀጭኑ ድምፅ ተቀቅሎ አልቋል፣ ወፍራሙ ወደ ታች ወርዷል፣ ጣሪያው ያሳልፍ የነበረው ብቻ ቀርቷል ብላ አሰበች። ክዳኑን አልከፈተችም። ዓርብ ከአሥር ሰዓት በፊት ከገበያ ጎድን ገዝታ ጥዳ፣ ሩዝ ሠርታ፣ ሁለት ሳህን አወጣች፤ አንዱን መልሳ አስገባች።

በአሥር ሰዓት መሳቢያውን ከፈተች። ጥጡ ቡናማ ሆኗል። ማጫወቻዋ እንደ ተነፋ ዳቦ ሆዷ አብጧል፣ ጀርባዋ ተሰንጥቋል። ቁልፏን ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች። ጎድኑ ምድጃው ላይ ሲያርር ሸተታት፤ አልተነሳችም።

ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ፣ ዪንግ ገና ከሩቅ አይታት ሰባቱ ቀን አልፏል ብላ ጀመረች። ፓን ልመልስ አልመጣሁም አለችና ማጫወቻዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ የማጫወቻዋን ያበጠ ሆድ አየች። ከዚያ ከደረጃው ሥር ሽቦ ሲበይድ ወደሚውለው ሽማግሌ፣ ወደ ኦው መራቻት። ገበያው ሁሉ ሺፉ ይለዋል፤ ሙያ ለሚያውቅ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው።

ሺፉ ኦው የሆነውን ጠይቆ፣ የማጫወቻዋን ጀርባ ፈልቅቆ በመብራት አየና ዘፈኖቹ የሚቀመጡበትን ክፍል አሳያት። ጠቁሯል። ስምንት ቀን ሙሉ ቻርጀር ላይ፣ ያውም በጥጥ ተጠቅልላ፣ በዚህ ዕድሜዋ፤ ሰውም ቢሆን ይሞታል አላት። ዘፈኖቹን ስማቸውን ከነገረችው ግን ሌላ ላይ ሊጭንላት ቃል ገባ።

ስም የላቸውም። ቋንቋውን አታውቀውም። ሽማግሌው ስልኩን ወደ አፏ አስጠግቶ እንድታንጎራጉር ጠየቃት፤ አንዳንዴ ስልኩ ዘፈኑን ከዜማው ይለየዋል። ፓን አካባቢዋን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ የምታውቀውን ብቻ አለች። ዱም፣ ዱዱም። ዱም፣ ዱዱም። ስልኩ ሲፈልግ ቆየና ምንም አልተገኘም አለ። ሺፉ ኦው ስልኩን በግንባሩ ደፋው።

“ለምንድን ነው የቀቀልሽው?” አላት።

ወፍራሙ ድምፅ ስላልነበረው፣ ሁለት መቶ ሰዓት ቀቅይው ስለተባለችም መሆኑን ነገረችው። ማዳመጫውን ተቀብሎ ጫፉን አየ፤ ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ የእሷን ጆሮ አየ።

“ሌሎቹ ጎማዎች የት አሉ?”

“የቁልፍ ጣሳዬ ውስጥ።”

ሽማግሌው አልሳቀባትም። ከመሳቢያው ትልቁን ዓይነት ጎማ ፈልጎ አጠለቀበት፣ ጆሮሽን ወደ ላይ ጎትተሽ ግፊው አላት፣ ከራሱ ማጫወቻ አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተላት። ዱም አለ። ደረቷ ውስጥ ገባ። ጎማው የጆሮዋን ቀዳዳ ስላልዘጋው ነበር ድምፁ በጎን ሲፈስ የነበረው። ቤዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ጎማውን ቀይሪው። ሁለት ቃል። ሁለት መቶ ሰዓት ሳይሆን ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልጋት።

ፓን ቆማ አዳመጠች። ፊት ለፊቷ ሺፉ ኦው አፉን ያንቀሳቅሳል፣ አትሰማውም። ገበያው ሁሉ ጠፍቷል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ያማረ ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፤ ከላይ ግን ማንም የለም። አወለቀችው።

“ሁለት መቶ ሰዓት ስንት ቀን ነው ያልሽኝ?” እያላት ነበር ሽማግሌው።

“ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት።”

“መመለሻውስ?”

“ሰባት።”

 ሺፉ ኦው የመበየጃውን ጫፍ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ጎማው ገንዘብ ሊቀበላት አልፈለገም።

ቤቷ እስክትደርስ አልታገሠችም፤ ባቡር ውስጥ ቆማ ያንን ቪዲዮ ከፈተችና ከሥሩ የሌሎቹን ሰዎች ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች። ቤዙ አይወጣልኝም ያሉ ብዙ ናቸው። ለሁሉም የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አንዲት ነጥብ ሳትለወጥ። ሁለት መቶ ሰዓት። ቆጠረች፤ አርባ ሦስት ጊዜ። ሰዓቱ አልነበረም ያቃጠላት። አርባ ሦስት ጊዜ “ቤተሰቤ” መባሉ ነው። እሷ ያንን ቃል ሦስት ጊዜ አንብባ፣ እንደ ደብዳቤ ይዛ ተኝታ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ገበያው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ፣ ሦስተኛው ጆሮ “ጥልቅ ወንዝ” ሁለተኛውን ሊያስተዋውቅ እንደሚመጣ በበሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ፓን ቀድማ ደረሰች። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው ለብቻው የመጣ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ ያንጠለጠለ። ዱ በስልክ ከሚታየው ይልቅ አጭር ነው። ቤተሰቦቼ አለ፣ ቅቤውን አለ፣ ሐሩን አለ። ጥያቄ ካለ ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲልክ ፓን እጇን አነሳች። እንደ እሷ ያለች ሴት በዚያ መሐል ስላልነበረች፣ ለመሳቂያ እንድትሆን ይመስላል፣ ማይኩ እሷ ዘንድ ደረሰ።

ፓን ከፌስታሏ ያበጠችውን ማጫወቻ አውጥታ ከፍ አድርጋ ያዘችና የሆነውን ተናገረች። በዝግታ ተናገረች፤ የጻፈችውን፣ የተጻፈላትን፣ መሳቢያውን፣ ጎማውን። ስለ ጣሪያውና ስለ ኖንግ ግን ምንም አላለች፤ እሱ የእነሱ ጉዳይ አይደለም።

ዱ ፈገግ አለ። ከዕድሜ ጋር ጆሮም እንደሚደክም፣ ለአክስታችን ግን ክብር እንዳለው ተናገረ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

“ጆሮዬ ደህና ነው” አለች ፓን። “ትናንት በአንዲት ጎማ ድኗል።”

አሁን የሳቁት በእሷ አልነበረም። ዱ ይህን ለየው። ፈጠን ብሎ፣ ጉዳቷ እንደተሰማው፣ በግል መልእክት አድራሻዋን ብትልክለት ኩባንያው አዲስ ማጫወቻ እንደሚሰጣት፣ ነገሩንም በሰላም እንደሚጨርሱት ተናገረ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ዪንግ ከደረጃው ላይ ሆና እሺ በይ የሚል ምልክት ሰጠቻት። ማይኩን ያመጣው ልጅም ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

ፓን አልሰጠችውም። ከማንም በላይ የምታውቀው ነገር አለ፤ በግል ያለቀ ነገር ምን ያህል ዝም እንደሚል። በዚያ ሕንጻ የቀሩት አምስት መስኮቶች ይህንኑ ያውቃሉ።

“አዲሱ ማጫወቻ ውስጥ ሰው የለበትም፤ አልፈልገውም” አለች። “አርባ ሦስት ሰው ጠይቆህ ለአርባ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የጻፍከው። ዕቃው የሚመለሰው በሰባት ቀን ነው፤ ያ መቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት ነው። አንተ ግን መቶ አላልክም፣ መቶ ሃምሳም አላልክም፤ ሁለት መቶ አልክ። ለምን ሁለት መቶ? በግል አትጻፍልኝ። ቤተሰቦቼ ያልካቸው እነዚህ ሁሉ እዚህ ቆመዋል፤ እኔም ቆሜያለሁ። አሁን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ መልስልኝ።”